ልወልድ እናቴ ቤት የሄድኩበት ክረምት

እኔ ቁጭ ብዬ የምውል ሰው አይደለሁም። ባለቤቴ አየነው «አንቺን ወንበር ይቆረቁርሻል» ይለኛል። ሳስተምር ከሰሌዳው እስከ መጨረሻው ዴስክ፣ ከዚያ ወደ መስኮቱ ስመላለስ ነው የምውለው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የማስተምራቸው ልጆች «ቲቸር ባጃጅ» ብለው ስም አውጥተውልኝ እንደነበር በኋላ ሰምቻለሁ። ይህን የምነግራችሁ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ዕረፍት አድርጊ ሲሉኝ የማልሰማ፣ ጠብቂ ሲሉኝ የማልጠብቅ ሰው ሆኜ ነው የመጀመሪያ ልጄን ያረገዝኩት። ስለዚህ ለምታነብ ሴት ሁሉ፣ በተለይ ሆዷን ደግፋ ለምታነበው፣ መጀመሪያ የምናገረው የራሴን ጥፋት ነው። የሌላው ሰው ጥፋት በኋላ ይደርሳል፣ እሱም ቢሆን ብዙ አይደለም።

ነገሩ በማስመለስ ጀመረ። የካቲት ላይ ጠዋት ጠዋት ያጥወለውለኝ ጀመር። መጀመሪያ የሽንኩርት ቁሌት ሽታ፣ ቀጥሎ የጠመኔ ብናኝ፣ በመጨረሻ የአየነው የፀጉር ቅባት ሳይቀር ወደ ላይ ይለኝ ነበር። ልጅ ሊሆን ይችላል ብዬ መጠርጠሬ አልቀረም። ግን ሳይረጋገጥ ማውራት አልፈለግሁም። እኛ ጋ ፅንስ ሳይገፋ አይወራም፣ የሰው ዓይን ይፈራል። እኔም የተማርኩ ነኝ ብልም ይህን ፍርሃት ከነነፍሱ ይዤው ነው ያደግሁት። እናም መድኃኒት ቤት ሄጄ «ሆዴን ያመኛል፣ ያስመልሰኛል» ብቻ አልኩ። ሰውየው ቀና ብሎም አላየኝ። «አሜባ ነው» ብሎ ክኒን ሰጠኝ። ሦስት ቀን ዋጥኩት፣ ባሰብኝ። ከዚያ አንድ የግል ክሊኒክ ገብቼ ደም ሰጠሁ፤ ታይፎይድ ነው ተባልኩ። በሁለቱም ቦታ «እርጉዝ ልሆን እችላለሁ» የምትለውን አጭር ቃል ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ባልዋጥኩ ነበር። ለታይፎይዱ መርፌ እጅጌዬን ሰብስቤ ከተቀመጥኩ በኋላ ፍርሃት ያዘኝ። «ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» ብዬ ወጣሁና በዚያው ወደ ጤና ጣቢያ ገሰገስኩ።

ሲስተር ዘይነባን ያወቅኋት ያን ቀን ነው። ከወሎ ተመድባ የመጣች አዋላጅ ነርስ ናት፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ የማትናገር፣ ሰው ሲቸኩል እሷ ይበልጥ የምትረጋ። ሽንቴን አስመረመረችና «እንኳን ደስ ያለሽ» አለችኝ። ቀጥላ የዋጥኩት ክኒን ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ስሙን እንኳ እንደማላውቀው ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ተማሪሽ ጥያቄውን ሳያነብ መልስ ቢጽፍ ምን ትይዋለሽ?»

«እቆጣዋለኋ።»

«እኔ አልቆጣሽም። ግን ከዛሬ ጀምሮ ማንም ሰው መድኃኒት ሊሰጥሽ ሲል ቀድመሽ እርጉዝ ነኝ በይው።»

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ትንንሽ ሕመም በትንንሽ ሕመም ላይ ነበሩ። ትውከቱ ሲሻለኝ ቃሩ መጣ። ቃሩ ሲቀንስ ወገቤን ያዘኝ። የደም ማነስ እንዳይይዘኝ የሰጠችኝን የአይረን ክኒን ስወስድ ሰገራዬ ጠቁሮ ብመለከት ውስጤ ደማ ብዬ ሥራ ጥዬ እየሮጥኩ ሄድኩ። ዘይነባ ሳቀች። ክኒኑ እንደሚያጠቁር፣ ሆድም እንደሚያደርቅ፣ ውሃና ጎመን እንዳበዛ ነገረችኝ። ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ ደረቅ ዳቦ እንድቀምስ፣ አንዴ ጠግቤ ከምበላ ቶሎ ቶሎ ጥቂት ጥቂት እንድቀምስ፣ ስተኛ ትራሴን ከፍ እንዳደርግ የመከረችኝ እሷ ናት። ሁሉም ሠራልኝ። የማይሠራልኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ወረፋው። በጠባቡ ኮሪደር ላይ ረጅም አግዳሚ አለ፤ እርጉዞች ተደርድረን እንቀመጣለን፤ አንዷ ስትገባ ሌላው ሁሉ አንድ አንድ ቦታ ይጠጋል። እኔ ሁለቴ ከተጠጋሁ በኋላ እነሳለሁ፤ ተነስቼ በሩ ላይ የተለጠፈውን ሁሉ አነባለሁ። ስመለስ ቦታዬ ተይዟል። አንድ ቀን ከገጠር የመጣች ሴት «እህቴ፣ ከተማ ለከተማ እንዲህ ከዞርሽ ልጁ ሲወለድ ነጋዴ ነው የሚሆነው» አለችኝና አግዳሚው በሙሉ ሳቀብኝ።

ስድስተኛው ወር ሲያልቅ ዘይነባ የደም ግፊቴን ለካች። ጥቂት አስቀምጣ ደገመችው።

«ከፍ ብሏል። ብዙ አይደለም፣ ግን ከፍ ብሏል።»

«ተቻኩዬ መጥቼ ነው።»

«አንቺ ሁልጊዜ ተቻኩለሽ ነው የምትመጪው። ባለፈው ግን እንዲህ አልነበረም።»

ከዚያ እጇን ዘርግታ በጣቶቿ ቆጠረችልኝ። በክኒን የማይለቅ ራስ ምታት፤ ዓይን ላይ ብዥታ ወይም ብልጭታ፤ የፊትና የእጅ እብጠት፤ ከደረት በታች፣ ከሆድ በላይ የሚያቃጥል ሕመም። «ከነዚህ አንዷ ብትመጣ ነገን አትጠብቂ» አለችኝ። በየሳምንቱ እየመጣሽ ትለኪያለሽ፣ ከከተማም አትራቂ ብላ በክትትል ካርዴ ላይ ጻፈችው። ካርዱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሰኔ ሲያልቅ ትምህርት ቤት ተዘጋ። በሳምንቱ እናቴ መጣች፣ ከአጎቴ ጋር ሆና፣ ልትወስደኝ።

ይህን ለማያውቅ ላስረዳ። እኛ አገር ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ነው። ሆዷ ሲገፋ ከእናቷ ወገን ሰው መጥቶ ይወስዳታል፤ ወልዳ፣ ታርሳ፣ ጠንክራ ነው ወደ ባሏ የምትመለስ። በምጥ ጊዜ ያለ ኀፍረት የምትጮኸው፣ እናቷ ያገነፋችውን ገንፎ የምትበላው እዚያ ነው። የሚወስዳት ያጣች እንደሆነ «እናት የላትም እንዴ?» ይባላል። እናቴ ይህን ቀን ከሠርጌ ማግስት ጀምሮ ስትጠብቀው ነው የኖረችው። የገንፎው እህል ተፈጭቶ፣ ቅቤው ተነጥሮ፣ ቤቱ ተለቅልቆ አልቋል።

«አየነው ልጀ» አለችው፤ «የመጀመሪያዋን እኔ ጋ ነው የምትወልድ። የቀሩትን እንዳሻችሁ።»

አየነው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው፤ አማቱን እጅግ ያከብራል። «እርስዎ ካሉ እሺ፣ ግን ክትትል ላይ ናት» አለና ወደ እኔ ዞረ። «ሲስተር ምን አለችሽ?»

እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ። «ችግር የለውም ብላለች» አልኩት።

ለምን ዋሸሁ? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። እናቴን ባዶ እጇን መመለስ አልቻልኩም፣ አንዱ ይህ ነው። ሌላው ግን እኔው ራሴ ናፍቄ ነበር። በየሳምንቱ ያን አግዳሚ እየተጠጋሁ መቀመጥ ሰልችቶኛል፤ የእናቴ እጅ ወገቤን ሲያሸኝ ይታየኛል። ግፊቱም ትንሽ ነው የተባለው፣ ትንሽ ነገር ደግሞ ገጠር አየር ላይ ይለቃል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ካርዱን ከነቦርሳው ደብረ ማርቆስ ትቼ ሄድኩ።

የእናቴ ቤት ከደብረ ወርቅ ወደ ዲማ በሚወስደው አቅጣጫ፣ በበቅሎ ሁለት ሰዓት ያህል ይርቃል። አባቴ መሪጌታ ነው፤ ቅኔ ያስተምራል። ተማሪዎቹ በግቢያችን ዙሪያ በሠሯቸው ጎጆዎች ይኖራሉ። ሲመሽም ሲነጋም ድምፃቸው አይጠፋም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እውነቴን ነው ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ማበጥ ጀመርኩ። እግሬ ሲያብጥ ነፍሰ ጡር ሁሉ ያብጣታል ብለን ዝም አልን። ፊቴና እጄ ሲያብጥ ግን የሆነው ነገር የሚያስቅም የሚያስለቅስም ነው። ሰው ሁሉ አመሰገነኝ።

«ወይ አምሮብሽ! ፊትሽ ሙሉ ሆነ እኮ!» ትላለች ጎረቤታችን እትዬ አንጓች። «ወንድ ነው። አፍንጫሽ ሰፍቷል፣ ወንድ ነው።»

እማ ደግሞ በኩራት «ከተማ ላይ ከስታብኝ ነበር፣ እኔ ጋ መጥታ ወፈረች» ትላለች። የጋብቻ ቀለበቴ ጣቴን ሰርስሮ ገባ፤ በሳሙና አሟልጠን አወጣነው። እሱንም የወፈርኩበት ምስክር አድርጋ ለመጣ ሰው ሁሉ ታሳይ ነበር። እኔ ግን ሌሊት እጄ እየደነዘዘ፣ መዳፌን መጨበጥ እያቃተኝ የዘይነባ ጣቶች ይታዩኝ ነበር። አስባቸውና ፊቴን አዞራለሁ።

ነሐሴ ገባ፣ ፍልሰታ ተያዘ። አባቴ «ነፍሰ ጡር ነሽ፣ አትጹሚ» አለኝ። እምቢ አልኩት። ቤቱ በሙሉ ጾሞ እኔ ብቻዬን ቁርስ ልቀርብ? ራሴን ሲያመኝ «ጾሙ ነው» ተባለ። እህል ቀምሼም አልለቀቀኝ። ቡና ጠጣሁ፣ አልለቀቀኝም። ቀጥሎ ከእንብርቴ በላይ ከጎድኔ ሥር የሚያቃጥል ሕመም ጀመረኝ። እማ ሳታመነታ «ጨጓራ ነው፣ ባዶ ሆድሽን እየዋልሽ» አለችና ተልባ በጠበጠችልኝ። ጠጣሁት። በነጋታው ሌላ ጠጣሁ። በሦስተኛው ቀን ወንድሜ በቅሎዋን ጭኖ ገበያ ዳር ወዳለች አንዲት ክሊኒክ ወሰደኝ። ሰውየው ሆዴን ጫን ጫን አድርጎ «ጨጓራሽ ነው» አለኝ። ግፊት የሚለካበት ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ጎማው ተቀዶ በፕላስተር ታስሯል። አልለካኝም። እኔም ለካኝ አላልኩትም። ቢለካኝ ውሸቴ ሊወጣ ነው፣ እናቴን ጥዬ ልመለስ ነው። የሚታኘክ የጨጓራ ክኒን ይዤ ተመለስኩ። በበቅሎዋ ላይ ሆኜ እንኳ ዝም ብዬ መቀመጥ አቅቶኝ ነበር። ውስጤ አንድ የሚያንቀዠቅዠኝ ነገር ገብቷል፣ የት እንደምሄድ ሳላውቅ ልሂድ ልሂድ ይለኛል።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አባቴ ዓይኑ ስለደከመ ከቀድሞ ተማሪው የመጣለትን ደብዳቤ እንዳነብለት ጠራኝ። ሰላምታውን አነበብኩ። ከዚያ መስመሮቹ ተደራረቡብኝ።

«አባ፣ ወረቀቱ ላይ ምንድን ነው የሚያብለጨልጨው?»

ደብዳቤውን ተቀብሎ አገላብጦ አየው፣ ዳሰሰው። «ምንም የለበትም ልጀ።»

ቀና ብዬ ግድግዳውን ባይ እዚያም ያብለጨልጫል። ዓይኔን ብጨፍን እዚያው አለ። ያን ጊዜ የዘይነባ ጣቶች አራቱም ሞሉ። እንዲህ ያለ ፍርሃት ከዚያ በፊት ፈርቼ አላውቅም፤ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ግፊቱን፣ አትራቂ መባሌን፣ አየነውን መዋሸቴን፣ ካርዱን ትቼ መምጣቴን።

እማ በሩ ላይ ቆማ ሰምታኛለች።

«በዚህ ዝናብ?» አለች። «ስምንት ወር ሆዷን ይዛ? ወንዙ እኮ ሞልቷል። መንገድ ላይ ብትወልድስ? ጠበል ይምጣላት፣ ነገ ጠዋት ያው…»

«ነገ አትጠብቂ ተብላለች» አለ አባቴ።

«ሰውስ ምን ይላል? ይዣት መጥቼ፣ ሳላርሳት መልሼ ልስደዳት? እኔ ምን እናት ነኝ?»

«ሰው የሚለውን እኔ እሰማዋለሁ። አንቺ ጋቢውን አምጭ።»

ወጥቶ ተማሪዎቹን ጠራ። ስምንት ሆነው መጡ። የእማን የጠፍር አልጋ አውጥተው በሁለት አጣና ላይ አሠሩት፤ በጋቢ ጠቅልለው ከላይ ላስቲክ አለበሱኝ። አራት አራት እየሆኑ ይቀባበሉኝ ነበር። ዝናቡ ላስቲኩ ላይ ሲወርድ ጆሮዬ ውስጥ የሚወርድ ይመስለኛል። ያን መንገድ ሳስብ እስካሁን የሚያሳፍረኝ አለመተኛቴ ነው። እቁነጠነጣለሁ፣ ላስቲኩን እገልጣለሁ፣ የት ደረስን እላለሁ፣ አውርዱኝና በእግሬ ልሂድ እላለሁ። ወንዙ ዳር ስንደርስ ውሃው ለተማሪዎቹ ወገባቸው ላይ ይደርሳል። አልጋውን ወደ ትከሻቸው፣ ከትከሻቸው ወደ ራሳቸው አነሱት። ተነስቼ ለማየት ክንዴን ስደገፍ አንደኛው፣ ፊቱን ያላየሁት፣ ከሥሬ ጮኸ።

«እህታለም! አንቺ ዝም ብለሽ ካልተኛሽ ወንዙ ዘጠኛችንንም ይወስደናል።»

ተኛሁ። በሕይወቴ መጀመሪያ ጊዜ ዝም ብዬ ተኛሁ ብል ማጋነን አይሆንም። ከኋላችን እማ ቀሚሷን ታጥቃ፣ የወንድሜን እጅ ይዛ፣ ማርያም ማርያም እያለች ውሃውን ስትሻገር እሰማታለሁ።

ደብረ ወርቅ ስንደርስ ሊጨልም ነበር። አባቴ ስልክ ፍለጋ ሄዶ ለአየነው ነገረው። የሚኒባሱ ሾፌር ሆዴን አየና «መኪናዬ ውስጥ ብትወልድስ?» ብሎ እንቢ አለ። ጤፍ የጫነ አይሱዙ ሾፌር ግን ረዳቱን ከላይ ጭነቱ ላይ አስወጥቶ እኔንና እማን ጋቢና አስገባን። ከዚያ ወዲያ ያለውን የምነግራችሁ እማ የነገረችኝን ነው፣ እኔ አላውቀውም። መንገድ ላይ ዓይኔ ተገልብጦ፣ ጥርሴ ተጋጥሞ መንፈራገጥ ጀመርኩ። እሷ የሚጥል በሽታ መሰላት። ሾፌሩ ክብሪት ጭሮ አሸተተኝ። ያቺ ብልጭታና ያ ቃጠሎ መጨረሻቸው ይህ ነው። በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት ካልተያዘ ወደ አንጎል ይወጣና እንዲህ ይጥላል፤ እናቲቱንም ልጁንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። መድኃኒቱ ደግሞ ሲጥል የሚያስቆም መርፌና ልጁን ቶሎ ማውጣት ነው። ክብሪት አይደለም፣ ተልባም አይደለም።

ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል በር ላይ አየነው ቆሞ ነበር። ለኦፕራሲዮኑ የፈረመው እሱ ነው። እማ ኮሪደሩ ላይ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ማንም ሰው ሊያነጋግራት ሲመጣ «እኔ ነኝ ያመጣኋት» ትላለች አሉ፤ ወደ ሆስፒታል ማለቷ ይሁን ወደ ገጠር፣ የጠየቃት የለም። የበሩ ዘበኛ የራሱን ብርድ ልብስ አምጥቶ ደረበላት። ስሙን እስካሁን አላውቀውም፤ እግዜር ይስጠው።

የነቃሁት በሁለተኛው ቀን ነው። አፌ ደርቋል፣ ምላሴ ተነክሷል፣ ሆዴ ተሰፍቷል። እጄን ወደ ሆዴ ሰደድኩ፣ ጎድሏል። «ልጄስ?» አልኩ። እማ አየነውን አየችው። አየነው መስኮቱን አየ። በዚያች ቅጽበት ያሰብኩትን ለማንም አልመኝም። ጎኔ ያለችው በሽተኛ «ስንት ወሯ ነበር?» ብላ ጠየቀችና ስምንት ስትባል ከንፈሯን መጠጠች። የሰባት ወር ያድጋል የስምንት ወር አያድግም የሚባለውን እኔም ከሕፃንነቴ ሰምቼዋለሁ። ውሸት ነው። እዚያው ያለችው ነርስ ተቆጣቻት፤ ልጅ በሆድ ውስጥ በቆየ ቁጥር ይጠነክራል እንጂ አይደክምም አለቻት። ወደ እኔም ዞራ «ሴት ናት። ትንሽ ናት። አለች» አለችኝ። ከዚያ በፊት ከማንም አፍ እንዲህ ያለ ቃል ሰምቼ አላውቅም። እትዬ አንጓች ወንድ ነው ያለችው ትዝ አለኝና ስፌቴ እስኪያመኝ ሳቅሁ፤ ሳቄ ወዲያው ወደ ልቅሶ ተለወጠ።

አንድ ኪሎ ከስምንት መቶ ነበረች። ነርሷ አመጣችና ራቁቷን ደረቴ ላይ አድርጋ በጨርቅ ከእኔ ጋር አሠረቻት። ትንሽ ልጅ የሚሞቀው በእናቱ ገላ ነው፣ ቀንም ማታም አትውረድ፣ አንቺም አትነሺ ተባልኩ። አስቡት እንግዲህ። ለእኔ! የመጀመሪያውን ሦስት ቀን እግሬ አልጋው ላይ ብቻውን ሲራመድ ነበር የሚውለው። ትንፋሿ ትንሽ የቆመ ሲመስለኝ ነርሷን እጣራለሁ። ነርሷ ትመጣለች፣ አለች ትለኛለች፣ ትሄዳለች፣ ደግሞ እጣራለሁ። ቆይቼ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ፣ እኔ ስቁነጠነጥ ትነቃለች፣ ስረጋ ትተኛለች። መጠጋት የማልወድ ሴት ሦስት ሳምንት አንዲት ነፍስ ደረቴ ላይ ይዤ አንድ ቦታ ተቀመጥኩ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ አየነውና እማ አይነጋገሩም። እሱ አክብሮቱን አልተወም፤ ስትገባ ይነሳላታል፣ ወጥ ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ ለእሷ ነው። እማ በበኩሏ ጥግ ይዛ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ ትውላለች። አንድ ቀን ስፌቴ መግል ይዞ ሊያጥቡኝ ሲወስዱኝ ነርሷ ልጅቱን ፈትታ «ማን ይያዛት? ሸሚዝህን ፍታ» አለችው አየነውን። አማቱ ፊት ደረቱን ሊገልጥ! ፊቱ በርበሬ መሰለ። እማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችለት። ሲደክመው ደግሞ እሷ ተቀበለችው፣ ቀሚሷን ከላይ ፈትታ፣ እሱ በተራው ወደ ግድግዳው ዞረላት። ስመለስ ሁለቱ ጀርባ ለጀርባ ሆነው «ተኛች?»፣ «ተኛች»፣ «እግሯን ይሸፍኑላት» ይባባላሉ። ያን ጊዜ አላስቻለኝም።

«እማ አይደለችም ያጠፋችው» አልኩት። «ሲስተር ዘይነባ አትሂጂ ብላኝ ነበር። የዋሸሁህ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለኝ። «ያን ለት ሄጄ ጠይቄያታለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተቆጣኸኝም?»

«ስትነቂ ልቆጣሽ ነበር። ስትነቂ ግን…» አለና ቃሉን ሳይጨርስ ወጣ።

እማ ነጠላዋን መልሳ ወደ ፊቷ ሳበች። ማመካኛ የሰጠኋት መስሎኝ ነበር፣ አልተቀበለችኝም።

ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላም ነገሩ በአንድ ጊዜ አልቆመም። ወለድኩ፣ ተገላገልኩ ስል ግፊቱ ከስድስት ሳምንት በላይ ቆየብኝ። ክኒኑን በየዕለቱ እውጥ ነበር፤ ራሴን በትንሹ ባመመኝ ቁጥር ግድግዳውን አያለሁ፣ የሚያብለጨልጭ ነገር እፈልጋለሁ። ዘይነባ በየሳምንቱ ቤቴ ድረስ እየመጣች ትለካኝ ነበር። አንድም ቀን «ነግሬሽ አልነበር?» አላለችኝም፤ ያቺን ቃል ስጠብቅ ነው ክረምቱ ያለቀው። ልጄ ዛሬ ትምህርት ቤት ናት፣ ከእኔ የባሰች ተንቀዥቃዣ።

እህቶቼ፣ ነፍሰ ጡርን ብዙ ነገር ያማታል፣ አብዛኛው አይገድልም። ቃር አይገድልም፣ የወገብ ሕመም አይገድልም። ችግሩ አንዳንዱ የሚገድለው የማይገድለውን መስሎ መምጣቱ ነው። ጨጓራ መስሎ፣ ጾም መስሎ፣ ውፍረት መስሎ ይመጣል። ለይቶ የሚያውቀው ያ ክንድ ላይ የሚታሠር ጎማና የሽንት ምርመራው ነው። ግምት አይለየውም፣ የእናት ግምትም ቢሆን። ለካኝ በሉ። የተቀደደ ከሆነ ሌላ ቦታ ሂዱ። ካርዳችሁን ደግሞ ከራሳችሁ አትለዩት።

ይህን ለመጻፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ክረምት የሆነው ነገር ነው። ታናሽ እህቴ የዝና ደምበጫ ነው ያገባችው። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሰባት ወር ሆኗት ነበር። እማ ልትወስዳት ሳትመጣ ቀረች። የዝና ጠብቃ ጠብቃ አኮረፈች፤ የባሏ ዘመዶች «እናት የለሽም እንዴ?» ይሏታል። በመጨረሻ ጓዟን ጠቅልላ፣ ከደብረ ወርቅ በቅሎ ተከራይታ በራሷ ሄደች። እማ ከሩቅ አየቻትና ከግቢው ወጥታ በር ላይ ጠበቀቻት። ሳመቻት፣ ውሃ አጠጣቻት፣ ጓዟን ግን ከበቅሎዋ እንድታወርድ አልፈቀደችም። የዝና ቆማ ታለቅሳለች። እትዬ አንጓችና ጎረቤቱ ሁሉ ወጥተው እናት እንዴት ድርስ ልጇን ከደጇ ትመልሳለች ብለው ይጮኹባታል።

እማ ወደ ቤት ገብታ የገንፎውን ዱቄትና ቅቤውን አውጥታ እዚያችው በቅሎ ላይ ጫነች። በሩን ከውጭ ቆልፋ ቁልፉን ለአንዱ የአባቴ ተማሪ ሰጠች።

«ያችኛዋን አስገብቻት አይቻለሁ» አለቻቸው፤ በቅሎዋንም ወደ ደብረ ወርቅ መንገድ አዞረች።